አንድ ቦታ፣ ሁለት ካርታ

የእማዬን ስልክ ከዱባይ የላከችላት እህቴ ናት። ለእረፍት ወደ ደሴ የምትመጣ ጓደኛዋ በሻንጣዋ ይዛው መጣች፤ ከነማሸጊያው፣ ከአንድ ካርቶን ቴምርና ከሁለት ሻርፕ ጋር። እማዬ እስከዚያ ድረስ የምትደውለው በባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እህቴን በኢሞ ፊቷን እያየች ታወራታለች፣ የዕቁብ ብሯን በቴሌብር ትልካለች፣ ማታ ማታ ስብከት ከፍታ ትተኛለች። ስልኩ አንድም ቀን አስቸግሯት አያውቅም። መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም።

እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴን ያዝኩ። በገና ማግስት ቤት ሄጄ ቡና እስኪፈላ ድረስ ስልኳን ላጽዳላት ብዬ ተቀበልኳት። የማትጠቀምባቸውን አፖች አጠፋሁ፣ የተከማቸውን ቪዲዮ ቀነስኩ፣ ከዚያ እንደ ልማዴ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ መቼ እንደሆነ አየሁ። ኦገስት 5፣ 2022 ይላል። በእኛ ሐምሌ 29 ቀን 2014 መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የውጭውን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «አፕዴት ፈልግ» የሚለውን ነካሁት። ትንሽ ዞረና ስልኩ ወቅታዊ መሆኑን ነገረኝ።

እማዬ ፊቴን አይታ፣ «ምነው ልጄ፣ ቫይረስ ገባበት እንዴ?» አለችኝ።

«አልገባበትም እማዬ። በሩ ግን ክፍት ነው።»

«ታዲያ ዝጋዋ።»

«እኔ የምዘጋው በር አይደለም።»

ያን ያልኳት የስልኩን ቺፕ ስለማውቀው ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ የሚስለው ክፍል፣ ግራፊክሱ፣ ማሊ የሚባለው ነው። ማሊን የሚነድፈው አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ ቺፑን ራሱ አያመርትም፣ ንድፉን ለሌሎች ይሸጣል። ስለዚህ ማሊ በብዙ የሳምሰንግ ኤግዚኖስ ቺፖች ውስጥም፣ በብዙ የሚዲያቴክ ቺፖች ውስጥም፣ በጎግል ፒክስል 6 ውስጥም አለ። ወደ እኔ ሱቅ ከሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹ እሱ ያለባቸው ናቸው። ከኦገስት 2022 ወዲህ በማሊ ድራይቨር ላይ፣ ማለትም ስልኩ ማሊን በሚያዝበት ፕሮግራም ላይ፣ ምን ምን ቀዳዳ እንደተገኘ አንድ በአንድ ስከታተል ስለቆየሁ፣ ያ ቀን ለእኔ ተራ ቁጥር አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በአንድሮይድ ላይ እያንዳንዱ አፕ ተለይቶ ታጥሮ ነው የሚኖረው። ሲጫን የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የአንዱ ፋይል ለሌላው አይታይም። የእማዬ ቴሌብር ውስጥ ያለውን ስብከት የምትሰማበት አፕ ሊያየው አይችልም። አጥሩን የሚጠብቀው ከርነል ነው፣ የሥርዓቱ እምብርት። ከርነሉን የያዘ ሁሉን ያዘ፤ በእኛ ሙያ «ሩት ሆነ» እንላለን። ደንበኛ ራሱ ፈልጎ ስልኬን ሩት አድርግልኝ ሲለኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ተራ አፕ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ሩት ሲያደርግ ግን ጥቃት ነው። የደኅንነት ባለሙያዎች ፕሪቪሌጅ ኤስካሌሽን የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ካሜራ ለመክፈት አፑ ፈቃድ ይጠይቃል። ማይክ ይጠይቃል፣ ያለንበትን ቦታ ለማወቅ ይጠይቃል፣ የስልክ ቁጥሮቻችንን ለማየት ይጠይቃል። ስክሪን ላይ ለመሳል ግን የሚጠይቅ የለም። ሊጠይቅም አይችልም፤ ምንም የማይስል አፕ የለምና። ስለዚህ ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ የሚያስገባው በር፣ በሥርዓቱ ውስጥ ማሊ-ዜሮ የሚል ስም ያለው ፋይል፣ ለማንኛውም አፕ ክፍት ነው። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ድራይቨር ደግሞ የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ነው፣ በሙሉ ሥልጣን። እዚያ ውስጥ አንድ የፕሮግራም ስህተት ካለ፣ በየአጥሩ ውስጥ ያለ ማንኛውም አፕ ሊነካው ይችላል። የሶፍትዌር ቀዳዳ የሚፈልገው የጎግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን እንደዘገበው በ2021 ሰርጎ ገቦች ሲጠቀሙባቸው ከተደረሰባቸው 7 አዳዲስ የአንድሮይድ ቀዳዳዎች 5ቱ የግራፊክስ ድራይቨር ላይ ነበሩ፤ 3ቱ አድሬኖ በሚባለው የኳልኮም ግራፊክስ፣ 2ቱ በማሊ። ምክንያቱ ለእኔ ይኸው በር ነው። ስልኩ ሁሉ ከሁለት ሦስት ዓይነት ግራፊክስ አንዱን ነው የያዘው፣ በሩም የትም ቦታ ክፍት ነው።

የስህተቱ ዓይነት ራሱ የሚገርም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አባቴን ያስታውሰኛል።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በአንዲት ቁራሽ ቦታ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ቦታዋ ቀድሞ የሌላ ሰው ነበረች። ሰውየው ካሳውን ተቀብሎ ለመንግሥት መለሳት፣ መሥሪያ ቤቱም ለአባቴ ሰጠው፤ ካርታም ወጣለት። የፊተኛውን ሰውዬ ካርታ ግን ማንም አላመከነውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ያንኑ ካርታ ይዞ መጥቶ አጥር አጠረ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። አባቴ «መሬቱን ወስደው ወረቀቱን ረሱት» ይል ነበር፤ ዳኛ ፊትም ጎረቤት ፊትም ይህንኑ ነበር የሚለው።

የማሊ ስህተት ይህ ነው። ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ የስልኩን ሚሞሪ የሚያየው ድራይቨሩ በሚያወጣለት ካርታ ነው። ሚሞሪው በ4 ኪሎባይት ገጾች ተሸንሽኗል። አፑ ለሥዕል ሚሞሪ ሲጠይቅ ድራይቨሩ የተወሰኑ ገጾች ይሰጠዋል፣ ለግራፊክሱም እነዚያን ገጾች የሚያሳይ ካርታ ያወጣለታል። አፑ ሲጨርስ ገጾቹ ለከርነሉ ይመለሳሉ፣ ከርነሉም ለሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል። በመካከሉ ካርታው መምከን አለበት። አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ያልተለመደ የትእዛዝ ቅደም ተከተል፣ ካርታው ሳይመክን ከቀረ ግን ተራው አፕ የከርነሉን ገጽ በግራፊክሱ በኩል ያነብበታል፣ ይጽፍበታል። የአጥሩ ጠባቂ አያየውም፤ ዋናው ፕሮሰሰር የሚጠየቀውን ፈቃድ ግራፊክሱ አይጠየቅምና። ግራፊክሱ የሚያምነው በእጁ ያለውን ካርታ ነው።

ከእነዚህ ስህተቶች ሲቪኢ-2022-38181 የሚል ቁጥር (ሲቪኢ ለታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚሰጥ መለያ ነው) የተሰጠውን ለመረዳት ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ያገኘው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሀብ የደኅንነት ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ማን ዩ ሞ ነው። የማሊ የከርነል ድራይቨር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ እሱ የጻፈውን ማብራሪያ በአንድ በኩል፣ ኮዱን በሌላ በኩል ከፍቼ በደብተር ላይ እየሣልኩ ተከተልኩት። ከሦስቱ ሌሊት በአንደኛው መብራት ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ ነበር የጨረስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቨሩ ጂት ሚሞሪ የሚለው አንድ ዓይነት ቦታ አለ፣ አፑ ቶሎ ቶሎ ወስዶ ቶሎ ቶሎ የሚመልሰው። አፑ ሲመልሰው ድራይቨሩ ወዲያው ለከርነሉ አይሰጠውም፤ ምናልባት መልሶ ይፈልገዋል ብሎ ያቆየዋል። ስልኩ ሚሞሪ ሲያጥረው ብቻ ነው የሚለቅቀው። ማን ዩ ሞ ያየው ክፍተት፣ አፑ በሌላ ትእዛዝ ዞሮ መጥቶ ገና እየተጠቀመበት ያለውን ጂት ሚሞሪ «አልፈልገውም፣ ሲቸግርህ ልቀቀው» ብሎ ምልክት እንዲያደርግበት መቻሉን ነው። ከዚያ አፑ ሆን ብሎ የስልኩን ሚሞሪ ያጣብባል። ከርነሉ ተጨንቆ ቦታውን ይለቅቃል። የድራይቨሩ የጂት መዝገብ ግን ያንን ቦታ አሁንም የአፑ አድርጎ ይዞታል። መሬቱን ወስደው ወረቀቱን ረሱት።

ያን ሌሊት ደብተሬን ያስጣለኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አጥቂው የተለቀቁት ገጾች ለምን ሥራ እንደሚሰጡ በብልሃት ይመራል። እነዚያ ገጾች የግራፊክሱ ካርታዎች ራሳቸው የሚጻፉባቸው ገጾች እንዲሆኑ ያደርጋል። የፊተኛው ባለ ቦታ በእጁ ባለው አሮጌ ካርታ ተመልሶ ሲመጣ በቦታው ላይ የተሠራው የካርታ መዝገብ ቤቱ ራሱ ነው እንደማለት ነው። ከዚህ በኋላ ለራሱ የፈለገውን ካርታ ይጽፋል፤ የከርነሉን ኮድ የያዙትን ገጾች ጨምሮ። ማን ዩ ሞ በፒክስል 6 ላይ ከተራ አፕ ተነሥቶ ሩት ሆኗል፣ ሴሊኑክስ የተባለውን ተጨማሪ ጥበቃም አጥፍቷል። ለዚህ ሁሉ አንድም የፈቃድ ጥያቄ ስክሪን ላይ አይወጣም።

ጁላይ 2022 ላይ ለአንድሮይድ የደኅንነት ቡድን አሳወቀ። ቡድኑ ነገሩ የመሣሪያው እንጂ የአንድሮይድ አይደለም ብሎ አናስተካክለውም አለ፤ ጉዳዩ ወደ አርም ተመራ። አርም በኦክቶበር ጥገናውን አወጣ። ፒክስል ስልኮች ላይ የደረሰው ጃንዋሪ 2023 ነው። ጎግል አንድሮይድንም ፒክስልንም የሚሠራ ድርጅት ነው፣ አርም በር እስኪደርስ ያለው መንገድ ለእሱ አጭር ነው። እሱ ጋ ከሪፖርቱ እስከ ስልኩ ስድስት ወር ከፈጀ፣ እማዬ ስልክ ላይ እስኪደርስ ስንት ይፈጅ?

ይህን ጥያቄ በይፋ የጠየቀው ራሱ ፕሮጀክት ዜሮ ነው። በዚያው ዓመት በጁንና በጁላይ የቡድኑ ተመራማሪ ያን ሆርን በማሊ ድራይቨር ላይ 5 ስህተቶች አገኘ። አንዱ የከርነል ሚሞሪን የሚያበላሽ፣ አንዱ የሚሞሪ አድራሻ ለአፕ የሚያሾልክ፣ የቀሩት ሦስቱ ልክ እንደ አባቴ ቦታ፣ የተመለሰ ገጽ ላይ ካርታው ያልመከነ። አርም ቶሎ ብሎ በጁላይና በኦገስት አስተካከላቸው። በኖቬምበር ኢያን ቢር የተባለው ባልደረባው ባወጣው ጽሑፍ እንደተነገረው፣ ቡድኑ የሞከራቸው ማሊ ያለባቸው ስልኮች በሙሉ አሁንም ክፍት ነበሩ። ጥገናው ተጽፏል፣ ታትሟል፣ ማንም አንብቦት ቀዳዳው የት እንደነበር ሊያውቅ ይችላል፤ ስልኮቹ ላይ ግን የለም።

አርም አስተካክሎ ለቺፕ ሠሪው ይሰጣል። ቺፕ ሠሪው በራሱ ኮድ ውስጥ አዋህዶ ለስልክ ሠሪው ይሰጣል። ስልክ ሠሪው ለእያንዳንዱ ሞዴል ለየብቻው አዘጋጅቶ፣ ሞክሮ ይለቅቃል። ውድ ሞዴል ከሆነ ይለቅቃል። በርካሹ ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደክምበት የለም። ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ይህን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስክሪን ቀይሬ ስልኩ ሲነሣ መጀመሪያ የማየው ያንን ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜም የማየው ስልኩ ከተሸጠበት ዓመት ያልራቀ ቀን ነው።

የዱባዩ ነገር ደግሞ አለ። ዲሴምበር 2022 ላይ የጎግል የአደጋ ትንተና ቡድን በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ውስጥ ባሉ ስልኮች ላይ በአጭር መልእክት የሚላክ ሊንክ አገኘ። ዒላማው የሳምሰንግ ብራውዘር ነበር። የሚጫን አፕ የለም፤ ሊንኩን መንካት ብቻ ነው። መጀመሪያ ብራውዘሩን ይሰብራሉ፣ ከዚያ ከብራውዘሩ አጥር ለመውጣት ሌሎች ቀዳዳዎችን በሰንሰለት ይጠቀማሉ፤ ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲቪኢ-2022-22706 የተባለ የማሊ ድራይቨር ክፍተት ነበር። አርም ያንን የጠገነው በጃንዋሪ 2022 ነው። ሰንሰለቱ ሥራ ላይ ሲውል ግን ጥገናው ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ገና አልደረሰም ነበር። ቡድኑ ይህን ማርች 2023 ላይ ይፋ ሲያደርግ መጀመሪያ የደወልኩት ለእህቴ ነው። ስልኳ ሳምሰንግ ነው። የሚሰልል ሁሉ እሷን ይፈልጋል ብዬ አይደለም፤ የቤት ሠራተኛ ናት። ግን የአንድ ስልክ አጥር ለአንድ ሰው ከፈረሰ ለሁሉም ነው የፈረሰው፣ ዛሬ ውድ የሆነ መሣሪያም ነገ ርካሽ እጅ ውስጥ ይገባል።

በእኛ አገር ሰዎች ላይ የስለላ ሶፍትዌር መላኩም አዲስ ወሬ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ ፌብሩዋሪ 2014 ላይ እንደዘገበው፣ የኢሳት ጋዜጠኞች ሀኪንግ ቲም ከተባለው የጣሊያን ድርጅት የስለላ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ጥቃት ተሰንዝሮባቸው ነበር። ያ ድርጅት በጁላይ 2015 ራሱ ተሰብሮ ሰነዱ ሲበተን፣ ከውስጡ ከተገኙት መሣሪያዎች አንዱ የዊንዶውስ ፊደል መሳያ ድራይቨር ላይ ያለን ስህተት ተጠቅሞ ሙሉ ሥልጣን የሚይዝ ነበር። ፊደል መሳል! ማይክሮሶፍት በ1996 በዊንዶውስ ኤንቲ 4 ላይ ለፍጥነት ብሎ የስዕሉን ሥራ ወደ ከርነል ካስገባው ጊዜ ጀምሮ የፊደልና የመስኮት ኮድ የሰርጎ ገቦች መንገድ ሆኖ ኖሯል። ኋላ ላይ በዊንዶውስ 10 የፊደል አነባበቡን ከከርነል አውጥተው በተለየ አጥር ውስጥ አስገቡት። የተሠራው በር በመሐንዲስ ውሳኔ እንደተሠራ ሁሉ በመሐንዲስ ውሳኔ ሊጠብ እንደሚችል ከዚህ ተምሬአለሁ።

ማሊ ላይ ነገሩ አላቆመም። ኦክቶበር 2023 ላይ አርም ሌላ ክፍተት ሰርጎ ገቦች እየተጠቀሙበት መሆኑን አስታወቀ። ጁን 2024 ላይ እንደገና፤ ይኼኛው ሲቪኢ-2024-4610 ሲሆን የተጠገነው ግን በ2022 መጨረሻ በወጣ ስሪት ነበር። ጥገናው ከወጣ ከዓመት ተኩል በኋላ ቀዳዳው አሁንም ለአጥቂ ይጠቅም ነበር ማለት ነው። ያልተጠገነው ስልክ በዝቶ ነዋ።

ስለዚህ ደንበኞቼን «የማታውቁትን አፕ አትጫኑ» ብዬ ብቻ መሸኘት ትቻለሁ። ምክሩ ልክ ነው፣ ግን የሠሪውን ዕዳ በእማዬ ትከሻ ላይ ይጭናል። እኔ የማምነው ሕግ ያስፈልጋል ብዬ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20፣ 2025 ጀምሮ ለገበያው የሚቀርብ ስማርት ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያገኝ የሚያደርግ ደንብ ተግባር ላይ አውሏል። እኛም አገር ስልክ ይገባል፣ ይገጣጠማልም። ካርቶኑ ላይ የካሜራው ሜጋፒክስል ትልቅ ሆኖ እንደሚጻፈው፣ ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቆይ ይጻፍበት። ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ሰው ገንዘቡን በሙሉ ስልኩ ውስጥ አስገብቷል።

ወደ እማዬ ልመለስ። «በቃ አትጠቀሚበት» ልላት አልቻልኩም፤ የእህቴን ፊት የምታይበት ነው። ተቀምጠን ተነጋገርን። ሲሟን አውጥቼ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ወደተቀመጠው ባለ ቁልፍ ስልኳ መለስኩት። ቴሌብርን ከስማርቱ ላይ አጠፋሁ። የዕቁቡን ብር አሁን ኮከብ 127 መሰላል ብላ ነው የምትልከው፤ ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፌ ከስልኩ ጀርባ በፕላስተር ለጠፍኩላት። ትልቁ ስልክ ለኢሞና ለስብከቱ ብቻ ቀረ፣ በእኔ ዋይፋይ። መጀመሪያ ቅር አላት። ሁለት ስልክ ይዞ ገበያ መውጣት ነጋዴ ያስመስላል አለችኝ።

ለእህቴም ለሚቀጥለው ስልክ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት፤ ቀለሙንም ካሜራውንም ከመጠየቋ በፊት ሻጩን «አፕዴቱ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላ እንድትጠይቅ። ባለፈው ዓርብ እረፍቷ ስለነበር ዴይራ ገበያ ሄዳ ከዚያው ደወለችልኝ። ሦስት ሱቅ ጠይቃ ሁለቱ አያውቁም። ሦስተኛው ሻጭ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ፣ ካርቶኑን አገላብጦ ፈልጎ አጣው፤ ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ይፈልግላት ጀመር። እሷም መስመሩን ሳትዘጋ ቆማ ጠበቀችው።